ከልጆቹ ራስ ወደ አያትየዋ ሻሽ፦ የአንድ የካዛንቺስ ቤተሰብ የቆረቆር ጉዳይ

የራስ ቆረቆር የልጅ በሽታ ነው ይባላል፤ ልጁ ጢም ሲያበቅል ይለቀዋል ይባላል፤ ራሱን ተላጭቶ ቅባት ከተቀባ ይበቃዋል ይባላል። እያንዳንዱ አባባል ጥቂት እውነት ስላለው ከለየለት ውሸት የበለጠ ያስቸግራል። ከዚህ በታች የምጽፈው የአንዲት አያትና የሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ስም አልጠቀስሁም፤ ለሕክምናው ታሪክ የማይጠቅሙ ጥቃቅን ነገሮችንም ለውጫለሁ። ጉዳዩን ለመጻፍ የመረጥሁት በሽታው ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ቆረቆርን የሚያመጣው ፈንገስ የሚያጠቃው ሰውና የሚደበቅበት ቦታ ተቀይሮ ሳለ እኛ አሁንም በድሮ አድራሻው እየፈለግነው መሆኑን ከዚህ ቤት በተሻለ ያሳየኝ ስላላገኘሁ ነው።

ቤተሰቡ የኖረው ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ የቀበሌ ቤቶች በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ፣ ልጆች የማን እንደሆኑ ሳይለይ ከየቤቱ የሚጎርሱበት ግቢ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙዎቹ ጎረቤቶች በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። አያትየዋ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይርቅ ብለው አዋሬ ዘመድ ዘንድ አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ። የልጆቹ እናት ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች፤ ገንዘብ ትልካለች፤ ማታ ማታ በኢሞ ትደውላለች።

ወደ እኛ የመጡት ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው፤ መሀል ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ጤና ተቋም የቆዳ ክፍል። የመጡበትም ምክንያት ትንሹ ልጅ ነበር።

ልጁ

ስድስት ዓመቱ ነው። ከቀኝ ጆሮው በላይ ሦስት ጣት የሚሸፍን እብጠት አለው፤ ሲነካ ይለሰልሳል፤ ከፀጉሩ ሥር ከብዙ ቀዳዳ መግል ይወጣል። ከማጅራቱ በታች ንፍፊት ወጥቷል። አንድ የግል ክሊኒክ እባጭ ነው ብሎ በጥቶት ነበር። ከብጣቱ የወጣው ትንሽ መግልና ብዙ ደም ነው። ቀጥሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፤ አልተሻለውም፤ በሌላ አንቲባዮቲክ ተቀየረለት፤ እሱም አልሠራም። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ «እስኪድን ቤት ይቆይ» ብሎ መልሶታል። አንድ ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተበጥቶ፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ውጦ፣ ከክፍሉ ተባሮ፣ ትክክለኛው ሕክምና ግን ገና አልተጀመረም።

ይህ እብጠት ኬሪዮን ይባላል። ሰውነት በፀጉር ሥር የገባውን ፈንገስ አጥብቆ ሲዋጋ የሚፈጠር ቁጣ እንጂ መግል የቋጠረ እባጭ አይደለም። በላዩ ያለው ፀጉር በሁለት ጣት ሲሳብ ያለ ሕመም ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ተራ እባጭ ላይ ያለ ፀጉር ግን ሲነካ ልጁን ያስጮኸዋል። ይህችን ትንሽ ልዩነት የሚፈትን እጅ ቢኖር ብዙ ልጆች ከምላጭ ይድናሉ። ኬሪዮን መበጣት የለበትም። ሲበጣ ፀጉር የሚያበቅለው ሥር ይጎዳል፤ የሚቀረውም ጠባሳ ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል።

እኅቱ

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አብራ የመጣችው ታማ ሳይሆን ቤት የሚጠብቃት ስለሌለ ነው። አያትየዋ «እሷ ድናለች» አሉኝ። የሷ ጣጣ የጀመረው ከወንድሟ አስቀድሞ፣ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ አናቷ ላይ ፀጉሯ ሳስቶ ይቅላል፣ ያሳክካል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ባለ ቱቦ ቅባት ስትቀባ ቆይታ ቅላቱም ማሳከኩም ጠፋ። ሻሿ ሲነሣ ግን ፀጉሯ በሦስት ቦታ ሳስቷል፤ በሳሳው ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ተረጭተዋል። ነጠብጣቦቹ ከቆዳው ጋር እኩል የተሰበሩ ፀጉሮች ናቸው። ቆዳን አጉልቶ በሚያሳየው ዴርማቶስኮፕ ሲታዩ አንዳንዶቹ እንደ ነጠላ ሰረዝ ጎብጠዋል፤ ሌሎቹ እንደ ቡሽ መንቀያ ተጠማዘዋል። ይህ መልክ በጠጉራችን ላይ የራስ ቆረቆር ፊርማ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቅባቱን አያትየዋ በፌስታል ይዘውት መጥተው ነበር። ሦስት ነገር በአንድ ቱቦ፦ የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ጠንካራ ስቴሮይድ። በየመድኃኒት ቤቱ «ለሁሉም ነገር ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ይህ ነው። ስቴሮይዱ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል፤ ቅላት ይጠፋል፣ ማሳከክ ይቆማል፣ ገዢው ሻጩን ያመሰግናል። ፈንገሱ ደግሞ የሚከላከለው ሠራዊት ስለተኛለት ተመችቶት ይኖራል። የፈንገስ መድኃኒቱም ቢሆን ከላይ ሲቀባ ወደ ፀጉሩ ሥር ዘልቆ መግባት ስለማይችል የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ልጅቷ አልዳነችም፤ የተወገደው ምልክቱ እንጂ በሽታው አልነበረም። ምልክት የሌለው በሽተኛ ደግሞ ማንም አይጠብቀውም፤ ከወንድሙ ጋር በአንድ ትራስ ይተኛል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። ከደቡብ እስያ ተነሥቶ በዓለም እየተዛመተ ያለውና በ2020 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒያ የተባለ የገላ ጭርት አለ፤ ዋናውን መድኃኒት ተርቢናፊንን በብዙ ሕመምተኞች ላይ ይቋቋማል። ለመስፋፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለው ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ነው። በዚህ ቤተሰብ ላይ ያገኘነው እሱ አይደለም። ነገር ግን ቱቦው ያው ነው፤ መደርደሪያውም ያው ነው።

ያልበራው መብራት

ልጅቷ ከዚህ ቀደም አንድ ቦታ በዉድ መብራት፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ የምርመራ መብራት፣ ታይታ «ፈንገስ የለባትም» ተብላ ነበር። ይህ መብራት ስሙን ያገኘው በ1903 እ.ኤ.አ. ማጣሪያውን ከሠራው አሜሪካዊው ፊዚሲስት ከሮበርት ዉድ ነው። በ1925 ፈረንሳውያን ሐኪሞች በጨለማ ክፍል የቆረቆር ፀጉር ላይ ሲያበሩት አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ አዩ፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ በሰልፍ ለመመርመር አገለገለ። መብራቱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ችግሩ የሚያበራው ፀጉር በዋናነት በማይክሮስፖረም ወገን ፈንገሶች የተያዘው መሆኑ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የልጆችን ራስ በብዛት የሚያጠቃው ማይክሮስፖረም ኦዱዊኒ ነበርና መብራቱ ልክ ነበር። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል ያ ፈንገስ መነመነ፤ በአሜሪካ ቦታውን ትራይኮፋይተን ቶንሱራንስ ወረሰው። ይህኛው በመብራት አይታይም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ከራስ ቆረቆር ናሙና በብዛት የሚበቅለው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። በሰው ላይ ብቻ የሚኖር፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ከብትም ድመትም የማይፈልግ ፈንገስ ነው። ዘሮቹን ከፀጉሩ ውጭ ሳይሆን ከፀጉሩ ውስጥ ይሞላል፤ ፀጉሩ ተሰባሪ የሚሆነውም ጥቁር ነጠብጣቡ የሚመጣውም ከዚህ ነው። በዉድ መብራት ሥር አያበራም። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ «መብራቱ አልበራም» ማለት ስለ ልጅቷ ራስ ምንም አይነግረንም ማለት ነው። መሣሪያው የተሠራው ለሌላ አገርና ለሌላ ጊዜ ፈንገስ ነው።

ከእኔ በፊት የነበሩ ባልደረቦች በብዛት ያዩት ሌላም መልክ ነበር፦ በትራይኮፋይተን ሾንላይኒ የሚመጣው፣ ጭንቅላት ላይ ቢጫ ጎድጓዳ ቅርፊት የሚሠራው፣ የአይጥ ሽታ ያለው፣ ፀጉርን ለዘለቄታው የሚያጠፋው ዓይነት። ሕፃኑን ለዕድሜ ልኩ ምልክት ያደርግበት ስለነበር ቤተሰብ ይደነግጥና ይሯሯጥ ነበር። መሀል ከተማ እሱን ካየሁ ቆይቻለሁ። የአሁኑ ዝምተኛ ነው፤ ፎረፎር ይመስላል፤ የሚያስደነግጥ ነገር ስለሌለው ለዓመታት ይቆያል። አስቀያሚው በሽታ በጨዋው ተተካ፤ ጨዋውም ከአስቀያሚው የበለጠ ተመቸው።

አያትየዋ

ሁለቱን ልጆች ከመረመርሁ በኋላ የቤተሰቡን ጥያቄ ጠየቅሁ። ማን ከማን ጋር ይተኛል? ፀጉር የሚያስተካክል ማነው? ሹሩባ የሚሠራ ማነው? ልጁ ቶንዶስ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ይሄዳል። አስተካካዩ በእያንዳንዱ ደንበኛ መሀል አልኮል አርከፍክፎ በእሳት ይለበልበዋል፤ ስለዚህ ከእሱ ይልቅ ቤቱን ጠረጠርሁ። ልጅቷን ፀጉሯን የሚያበጥሩላት አያቷ ናቸው፤ ለበዓል ብቻ አንዲት የግቢያቸው ሴት ትሠራት ነበር። ሚዶው አንድ ነው፤ ለሦስቱም። ቅቤ ሲቀቡም ከአንድ ዕቃ ነው። ክፍሉ አንድ አልጋና አንድ ፍራሽ ይዟል።

«እማማ፣ ሻሽዎን ቢያወልቁልኝ?»

«እኔን ምን አለኝ ልጄ? እኔማ የእርጅና ፎረፎር ነው።»

አወለቁ። አናታቸው ላይ ፀጉራቸው ሳስቷል፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ የማይጠበቅ አይደለም። ነጭ ቅርፊት አለ፤ እሱም ፎረፎር ቢባል የሚከራከር የለም። ዴርማቶስኮፑን ሳስጠጋ ግን እዚያው ሳስቶ በቀረው ፀጉር መሀል ጥቁር ነጠብጣብና አንድ ሁለት የተጠማዘዘ ፀጉር ታየ። ከአያትየዋም ናሙና ወሰድሁ። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ፦ ንጹሕ የጥርስ ብሩሽ ራስ ላይ በክብ ሃያ ጊዜ ያህል ተሽቶ በቀጥታ ፈንገስ በሚያበቅል የላቦራቶሪ ምግብ ላይ ይጫናል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ልጅ አያስለቅስም፤ በዓይን የማይታየውንም ተሸካሚ ያገኛል። ከዚህም ሌላ የተሰበሩ ፀጉሮች በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተነክረው በማይክሮስኮፕ ታዩ። የልጅቷም የአያትየዋም ፀጉር ውስጡ በዘር ተሞልቶ ነበር። የልጁ ኬሪዮን ናሙና ብዙ ነገር አላሳየም፤ ይህም የተለመደ ነው፤ ሰውነት ራሱ ፈንገሱን እየገደለው ነበርና።

በጎልማሳነት ቆረቆር ለምን አይይዝም ነበር? በጉርምስና የራስ ቅባት ሲበዛ በውስጡ ያሉ የስብ አሲዶች የፈንገሱን ዕድገት ይገታሉ፤ ጢም ሲመጣ ቆረቆር ይሄዳል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከማረጥ በኋላ ግን የሴት ራስ ቅባት ይቀንሳል። ላዩ ላይ ቀኑን ሙሉ የማይወልቅ ሻሽ ሲታከልበት፣ ከቆረቆራም የልጅ ልጅ ጋር መተኛት ሲጨመርበት፣ በሩ እንደገና ይከፈታል። በትራይኮፋይተን ቫዮላሲየምና በቶንሱራንስ የተያዙ አሮጊቶች በተለያዩ አገሮች ተዘግበዋል፤ አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ በፎረፎር ወይም ሶርያሲስ በተባለው ቅርፊታም የቆዳ በሽታ ስም ሲታከሙ የኖሩ ናቸው። ፈንገሱ ራሱም ተጓዥ ሆኗል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ቤተሰቦችን ተከትሎ በስቶክሆልምም በሌሎች የአውሮፓ ከተሞችም ሐኪሞች ያገኙታል።

እናት ቤይሩት፣ ልጆች ከአያት ጋር፤ ይህ ዛሬ በመሀል አዲስ አበባ የተለመደ የቤት አሠራር ነው። ልጅን የሚያበጥረው እጅ የሠላሳ ዓመት እናት እጅ መሆኑ ቀርቶ የስልሳ ዓመት አያት እጅ ሲሆን፣ ለፈንገሱ ትልቅ ለውጥ ነው። የእናት ራስ ለፈንገሱ አይመቸውም ነበር፤ የአያት ራስ ግን ይመቸዋል። ስለ በሽታው መለዋወጥ ሲወራ ስለ ፈንገሱ ዝርያ ብቻ ይወራል። እኔ እንደማየው ዝርያው የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማን ከማን ጋር በአንድ ክፍል እንደሚያድር ነው።

መድኃኒቱና ጾሙ

ምግቡ ላይ የተጫነው ናሙና እስኪበቅል ሳምንታት ይወስዳል፤ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ቀርፋፋ ነው፤ ቪታሚን ቢ1 ሲጨመርለት ይፈጥናል። ስለዚህ ውጤት ሳይጠበቅ ለልጆቹ ግሪሲዮፉልቪን ተጀመረ፦ በኪሎ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ለትራይኮፋይተን ወገን ተርቢናፊን በአራት ሳምንት የተሻለ ይሠራል፤ ለማይክሮስፖረም ደግሞ ግሪሲዮፉልቪን። የዝርያው መለወጥ የመድኃኒቱን ምርጫ መለወጥ የነበረበት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያን ሳምንት ለልጆች የሚሆን በእጃችን የነበረው ግሪሲዮፉልቪን ነበር፤ በእጅ ያለ መድኃኒት ደግሞ መጽሐፍ ላይ ካለ መድኃኒት ይሻላል።

ግሪሲዮፉልቪን ከቅባት ምግብ ጋር ካልተወሰደ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ወቅቱ ግን ሁዳዴ ነው። ትንሹ ልጅ አይጾምም፤ ወተቱን ይጠጣል። ልጅቷ ሰባት ዓመት ስለሞላት ትጾማለች፤ ይህን አያትየዋ በኩራት ነው የነገሩኝ። «ለታመመ ይፈቀዳል፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ» አልኋቸው። አማከሩ፤ ተፈቀደ። ልጅቷ ግን እንቢ አለች፤ ከጓደኞቿ ተለይታ ወተት ልትጠጣ አልፈለገችም። መፍትሔው የጾም ቅባት ሆነ፦ ክኒኑ ዘይት ከጠገበ ሽሮ ጋር፣ ሲገኝ የለውዝ ቅቤ በዳቦ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትውጠዋለች። ይህን የመሰለ ነገር እኔ በማውቀው የሕክምና መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍ ግን ነበረበት፤ አገሩ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚጾም ሰው ሞልቶበታልና።

ለአያትየዋ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ታዘዘ። አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ተደርጎ ደኅና ነበር፤ የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒትም ከዚህኛው ጋር የሚጋጭ አልነበረም። ተርቢናፊን ምግብ አይመርጥም፤ ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ መልስ ሲያፈጥሩ ይውጡታል። ጸበልም ይጠመቁ ነበር። መድኃኒት ከጸበል ጋር አይሄድም የሚል ነገር ሰምተው ኖሮ ሊያቆሙት ሲያስቡ ደረስንበት። «ጸበሉን ጠዋት፣ ክኒኑን ከሰዓት» በሚል ተስማማን፤ አልተከራከርንም።

ለሦስቱም ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ሻምፖው አያድንም፤ በፀጉር ላይ ያለውን ዘር ስለሚቀንስ መተላለፉን ያዳክማል። የእንጨቱ ሚዶ ተጣለ፤ ለየራሳቸው የሚታጠብ የላስቲክ ማበጠሪያ ተገዛ። ሻሽ፣ ኮፍያና የትራስ ልብስ በሙቅ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጡ። የልጁ ራስ አልተላጨም፤ አያስፈልግም። ለትምህርት ቤቱም ሕክምና የጀመረ ልጅ ከክፍል መቅረት እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤው ሠራ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእኛ አገር ከማብራሪያ ይበልጣል።

ግሪሲዮፉልቪንን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው ከእሱ በፊት የነበረውን ቢያስብ ጥሩ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የገቡ በርካታ ሺህ የስደተኛ ልጆች ለቆረቆር ተብሎ ራሳቸው በኤክስሬይ ተመትቶ ፀጉራቸው እንዲረግፍ ተደርጓል። ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑትን የተከታተለውና በ1974 የታተመው ጥናት በአንጎልና በታይሮይድ ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ዕጢ (ቲዩመር) እንደበቀለባቸው አሳየ፤ አገሪቱም በ1994 የካሳ ሕግ አወጣች። ፀጉርን ለማዳን ሲባል ራስ የተጎዳበት ዘመን ነበር።

እናትየዋ

አንድ ቀን አያትየዋ ስልካቸውን አቀበሉኝ፤ ቤይሩት ያለችው እናት ናት። «ዶክተር፣ የልጄ ፀጉር ይመለሳል ወይ?» አለች። የትኛዋን ልጅ ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይህ ፈንገስ ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ስለማይተው የልጅቷ ፀጉር ይመለሳል አልኋት። የልጁን አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ነገርኋት፦ ኬሪዮኑ እየጠፋ ነው፣ የተበጣበት መስመር ላይ ግን ፀጉር ላይመጣ ይችላል። ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «ወንድ ልጅ ነው፣ ምን ያደርገዋል» አለች። ለማጽናናት የተነገረው ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ዕድሩ

ናሙናው ሲበቅል ሰም የመሰለ፣ የተቆለለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ወጣ፤ ከልጅቷም ከአያትየዋም፤ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ተነሣ። አያትየዋ የወሰዱት ከልጆቹ ነው ወይስ ልጆቹ ከእሳቸው? ይህን መለየት አይቻልም፤ ለሕክምናውም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ከግቢው የቀረው ሰው ነው። ለገናና ለጥምቀት ሹሩባ የምትሠራው ሴት ብዙ የግቢውን ልጆች ራስ በአንድ ሚዶ ስታበጥር ኖራለች፤ አሁን ገላን ጉራ ናት። ሌሎቹም እንዲሁ። የድሮው ወረዳ ስለ እነሱ አያውቅም፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ስለ በሽታው አያውቅም።

በስልክ አገኘናት። ራሷ ንጹሕ እንደሆነ፣ ልጇ ግን «ላሽ» እንዳለባት ነገረችን። ትመጣለች ብለን ጠበቅን። አልመጣችም። ከገላን ጉራ መሀል ከተማ መምጣት ለአንድ ቀን ሥራ ፈት መሆንና የትራንስፖርት ገንዘብ ማውጣት ነው፤ ለፎረፎር ማን ይህን ያወጣል?

ያልፈረሰ አንድ ነገር ግን ነበር፤ ዕድሩ። ቤቶቹ ቢነሡም አባላቱ በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ መዋጮ ይሰጣሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። አያትየዋ ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ለሴቶቹ ነገሩ፦ እኔም ተገኝቶብኛል፣ ፎረፎር አይደለም አሉ። ሐኪም ቢናገረው «የልጆቻችሁን ራስ አምጡ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይቀር ነበር። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ጥቂት ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ከጎልማሶቹ የአንዷ ናሙና ያንኑ ፈንገስ አበቀለ፤ የሌሎቹ እውነትም ፎረፎር ነበር። ከልጆቹ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ተገኙ፤ ሕክምና ጀመሩ።

በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ የተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ማይሴቶማ፣ በ2017 ደግሞ ክሮሞብላስቶማይኮሲስና ሌሎች ጥልቅ የፈንገስ በሽታዎች ገብተዋል። በ2022 ድርጅቱ ያወጣው የቅድሚያ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶች ዝርዝር ግን አንድም የቆዳና የፀጉር ቆረቆር አምጪ አልያዘም። አይገርምም፤ ዝርዝሩ የሚገድሉትን ያስቀድማል፤ ቆረቆር ደግሞ አይገድልም። ይህን ስለማውቅ ከዝርዝሩ ምንም አልጠብቅም። እኔ የሚያስፈልገኝ በየጤና ጣቢያው የጥርስ ብሩሽ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በትክክል የሚያይ ማይክሮስኮፕና የማያልቅ ተርቢናፊን ነው።

አሁን ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው። የልጅቷ ሁለት ተከታታይ ናሙና ምንም አላበቀለም፤ ፀጉሯ ሞልቷል። የልጁ ቁስል ደርቋል፤ የብጣቱ መስመር ላይ ግን እስካሁን ፀጉር የለም። አያትየዋ አራቱን ሳምንት ሲጨርሱ ቅርፊቱ ጠፍቶ ነበር፤ ብሩሹ ግን እንደገና አበቀለ፤ ስለዚህ ተርቢናፊኑ ተራዝሞላቸዋል፣ ጉበታቸውም እንደገና ተመርምሯል። ሹሩባ ሠሪዋ አልመጣችም። አያትየዋ ለሚቀጥለው የዕድር ቀን ሁለት የታሸገ የጥርስ ብሩሽና የናሙና ሳህን ከእኛ ወስደዋል፤ አጠቃቀሙን ከነርሷ ጋር በልጅቷ ራስ ላይ ተለማምደውታል።